ጋሽ መዝገቡና የኮልፌ ዋናተኞች

አዲስ አበባ ውስጥ ታክሲ በሚቆምበት ቦታ ሁሉ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት አለ፤ ፎቶ ኮፒ ቤት ባለበት ሁሉ ደግሞ የአገሪቱን የሥራ ገበያ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም የሚል አንድ ሰው ከማሽኑ ጀርባ ተቀምጧል። ሚኒስቴሩ ያልደረሰበትን እሱ ደርሶበታል። ዩኒቨርሲቲዎቹ የትኛውን ትምህርት ክፍል መዝጋት እንዳለባቸው ቀድሞ ተናግሯል፤ የሚሰማው አጣ እንጂ። የመውጫ ፈተና የወደቀውን ያጽናናል፣ ያለፈውን ያስፈራራል፣ ጡረታ የወጣውን ደግሞ ኮምፒውተር ተማር ይለዋል። ይህን ሰው አላውቀውም የሚል ካለ፣ ወይ እዚህ ከተማ አልኖረም ወይ መታወቂያውን አንድም ቀን ኮፒ አላስደረገም።

ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ላይ ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት ክቡር ጋሽ መዝገቡ ናቸው። ጽሕፈት ቤታቸው በጫማ ጠጋኙና በጁስ ቤቱ መካከል የተሰካች፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ ቆሞ የሚጠብቅባት የቆርቆሮ ክፍል ናት። ውስጧ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ላሚኔሽን ማድረጊያ፣ አንድ ቁልፉ የማይጠፋ መሳቢያና ከጠዋት እስከ ማታ ሲያስል የሚውል የኮፒ ማሽን አለ። ውጭ ግድግዳው ላይ ደግሞ ሰማያዊ ጨርቅ የለበሰ የማስታወቂያ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ድሮ ጋሽ መዝገቡ ከጋዜጣ ላይ ክፍት የሥራ ቦታ እየቆረጡ ይለጥፉበት ነበር። ዛሬ ማስታወቂያው ሁሉ የሚወጣው ቴሌግራም ላይ ስለሆነ፣ ከስልካቸው እያነበቡ በኮምፒውተር ይተይቡትና አትመው ይለጥፉታል። የሰፈሩ ልጆች መጥተው የተለጠፈውን በስልካቸው ፎቶ ያነሱታል፤ መልሰውም ቴሌግራም ላይ ይለጥፉታል። ይህ ሁሉ ልፋት ለምን እንዳስፈለገ እስካሁን የጠየቀ ሰው የለም።

ጋሽ መዝገቡ ስልሳን የተሻገሩ፣ አጠር ያሉ፣ መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ የሚኖር ሰው ናቸው። መነጽሩ ወደ ዓይናቸው የሚወርደው ሰው ዲግሪውን ኮፒ ሊያስደርግ ሲያቀብላቸው ብቻ ነው። ያኔ ወረቀቱን ማሽኑ ላይ ከመዘርጋታቸው በፊት ወደ ብርሃን ያዞሩታል፣ ገልበጥ አድርገው ጀርባውንም ያዩታል፣ በረጅሙ ይተነፍሱና ፍርዳቸውን ይሰጣሉ።

«ፊልዱ ሞቷል፤ ነፍስ ይማር። ስንት ኮፒ ላድርግ?»

በዚህ ዓይነት ያልቀበሩት የትምህርት መስክ የለም። ሲቪል ኢንጂነሪንግን የቀበሩት ግንባታው የቀዘቀዘ ሰሞን ነው፤ ያን ዕለት ስድስት ኢንጂነሮች ተሰልፈው ነበር፤ ሁሉም ለቅሶውን ቆመው ሰሙ። ሶሲዮሎጂ ድሮውንም ታማሚ ነበረች። አካውንቲንግን ሁለት ጊዜ ቀብረዋታል፤ አዳዲስ ባንኮች የተከፈቱ ጊዜ መሐል ላይ ነፍስ ዘርታ ተነሥታባቸው ነበር። ታዲያ በሕይወት ያለው የቱ ነው ተብለው ሲጠየቁ ግራና ቀኝ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ «ዳታ ነው» ይላሉ፣ ከዚያ በላይ ምንም አይጨምሩም። ዳታ ምን እንደሆነ የሚጠይቃቸውም የለም፤ እንደዚያ ባለ ድምፅ የተነገረ ነገር ማብራሪያ አያስፈልገውም።

እውነቱን ለመናገር፣ የሞተ ሙያ ምን እንደሚመስል ጋሽ መዝገቡ ከማንም በላይ ያውቁታል። ራሳቸው የጽሕፈት መኪና ባለሙያ ነበሩ። አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአሥሩም ጣታቸው፣ ዓይናቸውን ከጽሑፉ ላይ ሳያነሡ ሲተይቡ ኖረዋል። አንድ ቀን ኮምፒውተር ገባ፤ ለእሳቸው የምስጋና ወረቀትና ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሰዓት ተሰጣቸው። ሰዓቱ ዛሬም ከማሽኑ በላይ ተሰቅሏል፤ አይሠራም። ጣቶቻቸው ግን የድሮውን አልረሱም፤ የኮምፒውተሩን ቁልፎች እንደዚያ እንደ ብረቱ መኪና ስለሚደበድቧቸው ፊደሎቹ ጠፍተው ሁሉም ባዶ ጥርስ ሆነዋል።

ሉሲ ወልደሰንበትም እንደማንኛውም ሰው ከጋሽ መዝገቡ ጋር የተዋወቀችው በቀብር ነው። በማኔጅመንት ተመርቃ፣ የመውጫ ፈተናውን አልፋ፣ ዲግሪዋን በፕላስቲክ ሸፍና መጣች። ጋሽ መዝገቡ መነጽራቸውን አወረዱ፣ ወረቀቱን አዩት፣ ተነፈሱ። ማኔጅመንት ከሞተ ቆይቷል፣ ተስካሩም ወጥቷል አሏት። ሉሲ ሣቀች። እሷ ሃያ ኮፒ አሠርታ ነበር የሄደችው፤ ሃያው በሁለት ወር አለቀና ሌላ ሃያ ልታሠራ መጣች። ያን ጊዜ አልሣቀችም።

እናቷ ወይዘሮ ሙሉወርቅ ቀራንዮ ላይ ባልዲና ሳፋ፣ ጀሪካንና የፕላስቲክ ወንበር የሚሸጡባት ሱቅ አለቻቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ልጃቸውን ይወዳሉ። ነገር ግን አራት ዓመት የተማረ ሰው አንድ ዓመት ሙሉ ቤት ተቀምጦ ማየት አልቻሉም። ጅማ ላይ ብርቅዬ የምትባል እህታቸው ቀለምና ምስማር የምትሸጥበት ትልቅ መደብር አላት፤ ልጅ የላትም፤ የምታምነው ሰው ትፈልጋለች። ስለዚህ ወይዘሮ ሙሉወርቅ ወሰኑ፦ እስከሚቀጥለው ፋሲካ ሥራ ካልተገኘ ሉሲ ጅማ ሄዳ ምስማር ትመዝናለች። ሉሲ ጅማንም ምስማርንም አትጠላም። ነገር ግን አንድ ምኞት ነበራት፤ ስሟና ፎቶዋ ያለበት የመሥሪያ ቤት ባጅ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ጠዋት ከአሥራ ስምንት ታክሲ መሳፈር። ትንሽ ምኞት ናት፤ ለእሷ ግን ትልቅ ነበረች።

ስለዚህ በየጠዋቱ ሰሌዳውን ልታነብ ትመጣ ጀመር። አንድ ማለዳ ሰልፉ እስከ ጁስ ቤቱ ደርሶ፣ ጋሽ መዝገቡ ደግሞ ማመልከቻውን በኢንተርኔት ላኩ ከሚል አንድ ድርጅት ጋር ተናንቀው አገኘቻቸው። ድርጅቱ ፋይሉ ይላክልኝ ይላል፤ እሳቸው ደግሞ ገጹን ራሱን አትመውት፣ ባዶ ቦታውን በእስክሪብቶ ሞልተው፣ በየት በኩል እንደሚላክ ይፈልጋሉ። ሉሲ አንድ ደቂቃ ብላ ከማሽኑ ጀርባ ገባች። አንድ ደቂቃው አሥራ አንድ ወር ሆነ።

በአሥራ አንዱ ወር ውስጥ ያልሠራችው የለም። የተጣመመውን መስመር አቃናች፣ የደንበኛውን ወረቀት በስሙ በስሙ እያደረገች የምታስቀምጥበት ፋይል ከፈተች፣ ወረቀት የነከሰውን ማሽን ሳትለማመጠው አፉን ከፍታ ማስተፋት ተማረች። አንድ ቀን አንድ አዛውንት የሆስፒታል ወረቀታቸው ላይ ያለው ስምና መታወቂያቸው ላይ ያለው ስም አልገጠመም ተብለው ሦስት ቦታ ተመላልሰው፣ ንዴታቸውን ጠቅልለው ይዘው ገቡ። ያገኙትን ሁሉ ረገሙ፣ ማሽኑንም ጭምር። ሉሲ ወንበሯን ለቀቀችላቸው፣ ውሃ ሰጠቻቸው፣ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ዘርግታ ስሕተቱ የቱ ጋ እንደተጀመረ አሳየቻቸውና የሚሄዱበትን ቢሮ፣ የሚይዙትን ማስረጃ በተራ ጻፈችላቸው። አዛውንቱ ሲወጡ ጫማ ጠጋኙን ሳይቀር መርቀው ነው የወጡት። ሌላ ቀን አንዲት እናት የልጃቸው ሲቪ ላይ ሰው አክባሪ መሆኑና ማታ እንደማያመሽ ይጻፍልኝ ብለው ሙጭጭ አሉ። ሉሲ ሰው አክባሪነቱን አስገባችላቸው፤ ስለ ማታው ግን ልጁን ጠይቃ ለመጻፍ ቃል ገባች፤ እናትየው ራሳቸው ተዉት።

ታዲያ ሰው ምን ትሠሪያለሽ ሲላት መልሷ አንድ ነው፤ ሥራ እየፈለግሁ ነው ትላለች። ጋሽ መዝገቡም ለደንበኛ ሲያስተዋውቋት «ሥራ ፈላጊ ናት» ይላሉ፤ ይህን ሲሉ ፊታቸውን ወደ ማሽኑ ያዞራሉ። ሉሲ ፊታቸውን ለምን እንደሚያዞሩ አስባበት አታውቅም።

በአንድ ነገር ብቻ አልተስማሙም፤ በሲቪው። ከአሥር ዓመት በፊት የጋሽ መዝገቡ የመጀመሪያ የሲቪ ደንበኛ ከሐዋሳ የመጣ ወጣት ነበር። ሐይቅ ዳር ያደገ ስለሆነ በትርፍ ጊዜው የሚወደውን ሲጠየቅ የውሃ ዋና ብሎ አስጻፈ። በሳምንቱ ተቀጠረ። ከዚያ ወዲህ ጋሽ መዝገቡ ያንን ወረቀት የተባረከ አድርገው ያዙት። አዲስ ሥራ ፈላጊ ሲመጣ ስሙን ይለውጣሉ፣ ፊልዱን ይለውጣሉ፤ የቀረው የሐዋሳው ልጅ ነው። በዚህ ምክንያት የቧንቧ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን በሚመጣበት ሰፈር፣ ከአሥራ ስምንት እስከ ዓለም ባንክ፣ ሥራ የሌለው ወጣት ሁሉ ዋናተኛ ሆነ።

በዚያ ላይ የምስክር ነገር አለ። ቅጹ ሁሉ ስለ አመልካቹ የሚመሰክር ሰው ስምና ስልክ ይጠይቃል። ገና የተመረቀ ልጅ ማንን ይጥራ? ጋሽ መዝገቡ ለሁሉም ራሳቸውን ጻፉላቸው፤ ደረጃቸውን ግን እንደየፊልዱ ያስተካክሉታል። ለኢንጂነሮቹ ኢንጂነር መዝገቡ ናቸው፣ ለአካውንታንቶቹ የፋይናንስ ኃላፊ። ሉሲ ይህንንም ዋናውንም እናጥፋ ብላ ብዙ ጊዜ ለምናቸዋለች። እሳቸው ግን ኮምፒውተሩን በሁለት እጃቸው ከልለው እንዲህ አሏት፦

«አትንኪው። ይሄ ሲቪ አንድ ሰው አስቀጥሯል። አንቺ ያረምሽው ስንት አስቀጠረ?»

ሉሲ ቀጣዩን ደንበኛ ጠራች።

ዐቢይ ጾም ሊጋመስ ሲል ሰሌዳው ላይ አንድ ማስታወቂያ ወጣ። ዓለም ባንክ የሚገኝ አንድ የግል ክሊኒክ የካርድ ክፍልና የእንግዳ መቀበያ ሠራተኛ ይፈልጋል፤ በማንኛውም የትምህርት መስክ ዲግሪ፣ የሥራ ልምድ ዜሮ ዓመት። ዜሮ ዓመት የሚል ማስታወቂያ ባለበት ኮልፌ አይተኛም። ማስታወቂያዎቹ ሁለት ዓመትና አምስት ዓመት እያሉ ሲያባርሯቸው የኖሩ ልጆች ሁሉ ተሰለፉ፤ ሉሲ ከጠዋት እስከ አመሻሽ የእነሱን ስትልክ ዋለች። የራሷን ንጹሕ አድርጋ ከመጀመሪያው ልትጽፍ ለመጨረሻው ቀን አቆየችው። በመጨረሻው ቀን መብራት ጠፋ።

መብራቱ የመጣው የማመልከቻው ሰዓት ሊያልቅ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ነው። ለአዲስ ጽሑፍ ጊዜ አልነበረም። ጋሽ መዝገቡ ከሁለት ዓመት በፊት የሠሩላት፣ «የሉሲ ሲቪ የመጨረሻው የመጨረሻው ሦስት» የሚል ስም ያለው ፋይል ነበር። እሷ ደጅ ወጥታ ኢንተርኔት የሚይዝላትን ቦታ በስልኳ ስትፈልግ፣ እሳቸው አንድ ቃል አስተካከሉና ወደ ስልኳ አስተላለፉላት። ሳታነበው ላከችው። በኋላ ምን እንዳስተካከሉ ስትጠይቃቸው፣ በኩራት ፈገግ ብለው ክሊኒክ ስለሆነ ራሴን ዶክተር አድርጌዋለሁ አሏት።

ሉሲ ሌሊቱን አልተኛችም ብንል ማጋነን ነው፤ ተኝታለች፤ በሕልሟ ግን ምስማር ስትመዝን አደረች።

ለቃለ መጠይቅ ከተጠሩት ሰባት ሰዎች አምስቱ የኮልፌ ልጆች ነበሩ። የሆሳዕና ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት የክሊኒኩ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። ከሉሲ ፊት ተራው የየኔሰው ነበር። የኔሰው ሲቪል ኢንጂነሪንግ የተመረቀ፣ የሰፈራቸው ልጅ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ የአጎቱን ባጃጅ ሲያሽከረክር የኖረ ነው፤ ለዚህ ቀን ከረቫት ተውሷል። ገባ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ከረቫቱን ፈትቶ በእጁ ይዞ ወጣ።

«ሉሲ» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ዋና ትችያለሽ?»

ጠያቂዋ ሲቪዎቹን ጎን ለጎን እንዳነበቧቸው የገባት ያን ጊዜ ነው። ወዲያው ስሟ ተጠራ።

ጠያቂዋ የክሊኒኩ የሰው ኃይል ኃላፊ ወይዘሮ ዘመነች ነበሩ፤ ረጋ ያሉ፣ ሣቃቸውን ከንፈራቸው ሥር የሚይዙ ሴት። ጠረጴዛቸው ላይ አምስት ሲቪ ተደርድሯል። ከሰላምታ በኋላ አንድም ነገር ሳይጠይቋት በጣታቸው ከአንዱ ወደ ሌላው እየሄዱ አነበቡላት። አምስቱም ቀንና ሌሊት በጫና ውስጥ መሥራት ይችላሉ። አምስቱም በትርፍ ጊዜያቸው ይዋኛሉ። አምስቱም የሚመሰክርላቸው አቶ መዝገቡ የሚባል ሰው ነው፤ ስልኩም አንድ ነው።

«ቅድም የወጣውን ልጅ የት ነው የምትዋኘው አልኩት» አሉ ወይዘሮ ዘመነች፣ «በክረምት አለኝ። አንቺስ?»

ሉሲ የሐዋሳውን ልጅ ታሪክ ልታስረዳ አሰበች። ከዚያ ጅማ ታየቻት። ከዚያ ደግሞ ሁሉም ነገር ሰለቻት፤ ሁለት ዓመት፣ አርባ ኮፒ፣ ዜሮ ዓመት፣ የተባረከ ወረቀት።

«አልዋኝም» አለች። «ከጉልበቴ በላይ ውሃ ውስጥ ገብቼ አላውቅም። ኮልፌ ውስጥ ዋና የሚችል ሰውም አላውቅም።»

«እዚህ ላይ ከተጻፈው እውነቱ የቱ ነው ታዲያ?»

«ስሜ፣ ስልኬና ዲግሪዬ።»

ወይዘሮ ዘመነች ትንሽ አዩዋትና ስልካቸውን አነሡ። ድምፁን ከፍ አድርገው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ሦስት ጊዜ ጠራ። መጀመሪያ የማሽኑ ሳል ተሰማ፣ ቀጥሎ የጋሽ መዝገቡ «አቤት»።

ወይዘሮ ዘመነች በትሕትና፣ አሁን የማናግረው ዶክተር መዝገቡን ይመስለኛል አሉ፤ ከግማሽ ሰዓት በፊት ባየሁት ሲቪ ኢንጂነር ነበሩ፣ ከዚያ በፊት ደግሞ የፋይናንስ ኃላፊ፤ በአንድ ጠዋት ይህን ሁሉ እንዴት እንደቻሉት እንዲነግሯቸው ጠየቁ። በዚያኛው በኩል ማሽኑ ቆመ። ጋሽ መዝገቡ ደንበኛ እያለ ማሽን የሚያጠፉት ሰፈር ውስጥ ሰው ሲሞት ብቻ ነው፤ ሉሲ ይህን ስለምታውቅ ደነገጠች።

«ስለማን ነው የሚጠይቁኝ?» አሉ በመጨረሻ።

«ስለ ሉሲ ወልደሰንበት።»

«እዚያው አለች?»

«አጠገቤ ናት።»

«እመቤቴ፣ እኔ ዶክተርም ኢንጂነርም አይደለሁም። አሥራ ስምንት ማዞሪያ ላይ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። የቅድሞቹ ልጆች ጥፋት የለባቸውም፤ ዋናውንም ምስክሩንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ወረቀቱ ምስክር አምጡ ይላል፤ ልጆቹ ደግሞ የሚያውቃቸው ሰው የለም። ባዶ ቦታ ይዘው ከቤቴ ሲወጡ ማየት አልቻልኩም።» ቀጠሉ። «የሉሲ ግን ሌላ ነው። እሷ ሥራ ፈላጊ ነኝ ትላለች፤ እኔም ለሰው እንደዚያ ነው የምለው። ውሸቴን ነው። አሥራ አንድ ወር ሙሉ ቤቴን ያሠራችው እሷ ናት። ሰው ተቆጥቶ ይገባል፣ መርቋት ይወጣል። እሷ ከመጣች ወዲህ የማንም ሰው ወረቀት እኔ ጋ ጠፍቶ አያውቅም። የሥራ ልምዷን ጽፌ፣ ፈርሜ፣ ማህተም አድርጌበት መሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ ከታኅሣሥ ጀምሮ።»

«ለምን አልሰጧትም?»

«የሰጠኋት ቀን ትሄዳለቻ።»

ሉሲ መጀመሪያ ተናደደች። ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ስንት ማስታወቂያ የስድስት ወር ልምድ እያለ እንዳለፋት ታውቃለች፤ ሰሌዳው ላይ የለጠፈቻቸው ራሷ ናት። ከንዴቷ ሥር ግን ሌላ ነገር መጣ፤ ዓይኗን የሞላው እሱ ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ ዜሮ ነኝ ብላ ስታምን፣ አንድ ሰው ዜሮ እንዳልሆነች ያውቅ ነበር፤ አውቆም በማህተም አጽድቆት ነበር።

ወይዘሮ ዘመነች ስልኩን ዘጉ። አንድ ሰው ካርድ ክፍል መጥቶ ስሙ ከመታወቂያው ጋር አልገጥም ብሎት ቢጮህ ምን ታደርጊያለሽ አሏት። ሉሲ የተጠና መልስ አልሰጠችም፤ የአዛውንቱን ታሪክ ከወንበሩ ጀምራ እስከ ምርቃቱ ነገረቻቸው። ኃላፊዋ የያዙትን ሣቅ ለቀቁት።

«የሥራ ልምድሽን ነገ ጠዋት ዋናውንና ኮፒውን ይዘሽ ነይ» አሉ። «ለኮፒው እንደማትቸገሪ ይገባኛል።»

ሉሲ አሥራ ስምንት ላይ ከታክሲ የወረደችው ለመጣላት ተዘጋጅታ ነው። ጋሽ መዝገቡ ማሽኑን እንዳጠፉት፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። መሳቢያውን ከፍተው አንድ ፖስታ ሰጧት። ወረቀቱ ላይ ታኅሣሥ የሚል ቀን አለ። ዶክተርም ኢንጂነርም የለበትም፤ መዝገቡ፣ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ አገልግሎት ባለቤት ይላል። የሠራችውን አንድ በአንድ ዘርዝረውታል፣ ማሽኑ ወረቀት ሲነክስ የምታደርገውን ሳይቀር። አንድም መስመር አልተጣመመም፤ በዚያ ኮምፒውተር ላይ ይህን ለማድረግ ስንት ሰዓት እንደፈጀባቸው ሉሲ ታውቃለች።

«ጋሽዬ፣ እኔ እኮ ጅማ ልሄድ ነበር» አለቻቸው።

«አውቃለሁ። ሐሙስ ልሰጥሽ ነበር።»

«የትኛው ሐሙስ?»

ጋሽ መዝገቡ የቆመውን የግድግዳ ሰዓት አዩ። 

ጠቡ በዚሁ ያበቃው የኔሰው ከረቫቱን እንደያዘ ስለገባ ነው። ወረቀቱ ላይ ያዋኙኝ ሰውዬ የት አሉ እያለ ነው የመጣው። ጋሽ መዝገቡ ይቅርታ ጠየቁት፤ ሉሲ በአሥራ አንድ ወር ውስጥ ይህን ቃል ከአፋቸው ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር። ከዚያ እሷ ባዶ ገጽ ከፈተችና የኔሰውን ሁለቱን ዓመት ምን ሠራህ አለችው። ምንም፣ አለ። ባጃጁስ? ባጃጅ ደግሞ ሲቪ ላይ ይጻፋል እንዴ አለ እያፈረ። ተጻፈ። ሁለት ዓመት ያለ አደጋ፣ ከአሥራ ስምንት እስከ ዓለም ባንክ ያለውን እያንዳንዱን የውስጥ ለውስጥ መንገድ በቃሉ የሚያውቅ። ግንቦት ላይ አንድ ዕቃ አመላላሽ ድርጅት የመኪኖቹን መንገድ እንዲያቅድ ቀጠረው።

ያን ቀን ማታ ጋሽ መዝገቡ የሐዋሳውን ልጅ ሲቪ አንድ ቅጂ አትመው፣ ላሚኔሽን አድርገው ከሰዓታቸው ጎን ሰቀሉት። ከዚያ ከኮምፒውተሩ ውስጥ አጠፉት። ነፍስ ይማር አሉ፤ መስኩን ሳይሆን ወረቀቱን።

ሉሲ ከፋሲካ ማግስት ሥራ ጀመረች። ወይዘሮ ሙሉወርቅ ለእህታቸው ለብርቅዬ ደውለው ምስማሩን ሌላ ሰው ይመዝነው አሏት፤ ይህን ሲሉ ሱቃቸው ውስጥ የነበረው ደንበኛ ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብለው ነው። በሳምንቱ መጨረሻ ሉሲ ባጇን ላሚኔሽን ልታስደርግ ወደ አሥራ ስምንት መጣች። ክሊኒኩ ያደርግላት ነበር፤ እሷ ናት እምቢ ያለችው። ጋሽ መዝገቡ መነጽራቸውን አወረዱ፣ ፎቶዋንና ስሟን አዩ፣ ገልበጥ አድርገው ጀርባውንም አዩ። በረጅሙ ተነፈሱ። ስለ ፊልዱ ግን ምንም አላሉም፤ ሰልፍ ላይ የነበሩት ሰዎች የጋሽ መዝገቡን ዝምታ እንደ ተአምር አወሩት።

ስትወጣ ዓይኗ ሰሌዳው ላይ ዐረፈ። ከሌሎቹ ማስታወቂያዎች መሐል፣ መስመሩ ተጣሞ የታተመ አንድ አዲስ ወረቀት ተለጥፏል።

«ክፍት የሥራ ማስታወቂያ። የሥራ መደብ፦ ረዳት። ብዛት፦ አንድ። የትምህርት መስክ፦ የሞተም ቢሆን ችግር የለም። የሥራ ልምድ፦ ዜሮ ዓመት። የውሃ ዋና፦ አይጠየቅም። ማሳሰቢያ፦ የሥራ ልምድ ደብዳቤ በወቅቱ ይሰጣል።»

ሉሲ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ባጇን አንገቷ ላይ አስተካከለች፣ ስልኳን አወጣች፣ ወረቀቱን ፎቶ አነሣችና ቴሌግራም ላይ ለጠፈችው።